ጥያቄና መልስ፦ እማማ በስንት ዓመቷ ነው ያረፈችው?

በዚህ እትም የመረጥኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ሦስቱም ስለ አያት ናቸው። አስቤበት አይደለም፣ እንዲያው ገጠሙ። የመጀመሪያው ረጅም ነው፤ መልሱም ረዝሞብኛል፤ ታገሱኝ።

ጥያቄ አንድ

እትዬ፣ እንደምን አሉ? አያቴ ካረፈች ሦስት ሳምንት ሊሆናት ነው። እማማ ነበር የምንላት። እኔን ከሦስት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከስድሳ ዓመት በላይ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ኖራ፣ ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ገባን። እዚያ ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላትም።

የቀብሯ ዕለት ትልቁ አጎቴ ግማሽ ገጽ የሕይወት ታሪክ አነበበ። «በ1934 ተወልደው በ84 ዓመታቸው» አለ። መታወቂያዋ ላይ ያለው እሱ ነው። አክስቴ እዚያው ለቀስተኛ ፊት «ምን ሆነሃል፣ እማማ እኮ ዘጠና ሰባቷ ነው!» ብላ ጮኸች። አፈርን። አሁን ለአርባዋ ደህና ተደርጎ ተጽፎ ይነበብ ተባለና፣ «አንቺ ማንበብ ትወጃለሽ» ብለው እኔ ላይ ጣሉት።

ሦስት ነገር ቸግሮኛል። አንደኛ ዕድሜዋ። እሷ ስትጠየቅ «የተወለድኩት በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ነው» ትላለች እንጂ ዓመቱን አታውቅም። ሌላው «የካቲት 12 ዕለት እናቴ አዝላኝ ሮጣለች» የምትለው ነው። በቃ፣ ከዚህ ሌላ የለኝም።

ሁለተኛ፣ እማማ ከጎረቤታችን ጋር በቦኖ ውሃ ወረፋ ተጣልታ ስድስት ዓመት ተኳርፈው ነበር። እንዴት እንደታረቁ በሌላ ወረቀት ጽፌ ልኬልዎታለሁ። እሱን ላስገባው ስል ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ያቺን የመሰለች ክርስቲያን ሴት ልታዋርጃት ነው ወይ?» አሉኝ።

ሦስተኛ፣ ትንሹ አጎቴ ጴንጤ ነው። ተዝካር አልበላም ብሏል። አክስቴ ደግሞ ካልመጣ ስሙም በታሪኩ ውስጥ አይጠራም እያለች ነው። ምን ላርግ?

(የድሮዋ የፒያሳ ልጅ)

መልስ

የኔ ልጅ፣ እግዜር ያጥናሽ። የእሳቸውንም ነፍስ ይማር።

ከዕድሜው እንጀምር፣ እሱ ይቀላል። ቀላል ነው ስልሽ አትሳቂ።

የእኛ አያቶች ቀኑን ያውቁታል፣ የሚጠፋባቸው ዓመቱ ነው። «የገብርኤል ማግስት»፣ «የሚካኤል ዋዜማ» እያሉ ሰላሳውን ቀን በታቦት ይቆጥሩታል። ዓመቱን ግን የሚይዙት በትልቅ ወሬ ነው፦ ንጉሡ ሲነግሡ፣ ጣሊያን ሲገባ፣ ጣሊያን ሲወጣ፣ የታኅሣሥ ግርግር፣ አብዮቱ። ስለዚህ አያትሽ የሰጡሽ ትንሽ እንዳይመስልሽ። ቀን ሰጥተውሻል፣ ትልቅ ወሬም ሰጥተውሻል። ሁለቱን አገጣጥሚያቸው።

የካቲት 12 ማለት 1929 ነው። ዓመተ ምሕረቱ አያከራክርም። የአያትሽ እናት አዝለዋቸው ከሮጡ ያኔ ታዝሎ የሚሮጥበት ልጅ ነበሩ ማለት ነው። ኪዳነ ምሕረት የካቲት 16 ናት፤ በዚያ ቀን ከተወለዱ፣ በ1928 ከሆነ አንድ ዓመት ሊሞላቸው አራት ቀን ቀርቷቸዋል። በ1927 ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው፣ በ1926 ከሆነ ሦስት ሊሞላቸው። ከዚያ በላይ ያለ ልጅ አዝሎ የተኩስ እሩምታ ማምለጥ ይከብዳል።

እስቲ አሁን የአጎትሽን ተመልከቺው። በ1934 ቢወለዱ ኖሮ እናታቸው ያዘሏቸው ከመወለዳቸው አምስት ዓመት በፊት ሊሆን ነው። የአክስትሽም አልሆነም። ዘጠና ሰባት ከሆኑ በ1921 ተወልደዋል፤ በ1929 የስምንት ዓመት ልጅ ናቸው። የስምንት ዓመት ልጅ አዝላ የምትሮጥ እናት ካለች ታሪኩ ስለ እሷ ይጻፍ! እንግዲህ ዘጠና ዓመት ግድም ነው፣ አንድ ወዲህ ወይም አንድ ወዲያ። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ለቤተሰብ ሰላም እንዲህ ያለ ውጤት ጥሩ ነው።

የመታወቂያው ነገር አያስገርምሽ። ቀበሌ የሚባለው ራሱ የመጣው ከ1967 ወዲህ ነው። ያኔ አያትሽ የአርባ ዓመት ሴት ናቸው። የልደት ወረቀት የሌላት ሴት ወንበር ላይ ቁጭ ስትል ጸሐፊው ፊቷን አይቶ ገምቶ ይጽፋል። አንዴ ከተጻፈ ደግሞ ከመታወቂያ ወደ መታወቂያ እየተገለበጠ ይኖራል። የኔ አያት በመታወቂያዋ ከታናሽ እህቷ በአራት ዓመት ታንሳለች። ደስ ብሏት ነው የሞተችው።

ስትጽፊ «በ1927 ተወለዱ» ብለሽ ቁርጥ አታድርጊው። «በ1926 እና በ1928 መካከል፣ በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት» በይ። እንዴት እንዳወቅሽው ደግሞ እዚያው ታሪኩ ውስጥ አስገቢው። ሰው የሚያዳምጠው እሱን ነው። አጎትሽም አክስትሽም ስሌቱን ሲሰሙ ዝም ይላሉ፤ ቢያንስ እስኪበላ ድረስ።

አሁን ወደ «አዝላኝ ሮጣለች» ልመልስሽ፤ አንቺ በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው።

ያ ቀን ዓርብ ነበር። ግራዚያኒ የኢጣሊያን ልዑል መወለድ ምክንያት አድርጎ ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ይሰጥ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የጣሉበት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ከተማው ላይ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ሰው በየቤቱ ተገደለ፣ ሳር ቤቱ ከነሰዉ ነደደ፣ የአራዳው ጊዮርጊስም ሳይቀር ተቃጠለ። እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ቅድመ አያትሽ የሮጡት ከየት ወዴት ነው? ከቤታቸው? ከገበያ? ወይስ ልጃቸውን አዝለው ከምጽዋቱ ሰልፍ ላይ ነበሩ? ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ድህነት ነው ብሎ ቤተሰቡ ደብቆት ሊሆን ይችላል። ትልቁን አጎትሽን ብቻውን ስታገኚው ጠይቂው፤ ሰው በተሰበሰበበት አይነግርሽም። ካላወቀም አላወቀም፤ ከራስሽ ፈጥረሽ ግን አትሙይው።

ሌላው ነገር ምስክር ነው። እማማን በወጣትነታቸው የሚያውቅ ሰው ያስፈልግሻል፣ ሰፈሩ ደግሞ ተበትኗል። አንዱ እዚህ ኮንዶሚኒየም፣ አንዱ እዚያ ዳር፣ ስልኩም ተቀያይሯል። አይዞሽ። ሰፈሩ ቢፈርስም ታቦቱ እዚያው ነው። በሚመጣው 23 በጠዋት አራዳ ጊዮርጊስ ሂጂ። የዶሮ ማነቂያ እናቶች ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ ሦስት ቀይረው ይመጣሉ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ወዲያው አይበተኑም፣ ግቢው ውስጥ ጥላ ፈልገው ቁጭ ይላሉ። የእማማን ፎቶ ይዘሽ ሂጂ፤ የቅርቡን ሳይሆን የድሮውን።

ስትጠይቂ ግን «ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» እንዳትዪ። እንዲህ ብለሽ ከጠየቅሽ መልሱ አንድ ነው፦ «ውይ! ደግ ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና።» አለቀ። «መጀመሪያ የት ተዋወቃችሁ?» በይ። «ምን አስቃችሁ ያውቃል?»፣ «ማኅበሩ እሷ ዘንድ ሲወጣ ምን ይቀርብ ነበር?» በይ። ጠላዋ ይቀጥን እንደነበር፣ ድፎዋ ከስር ያርር እንደነበር ያን ጊዜ ይነግሩሻል። የእድሩን ጸሐፊ ካገኘሽ መዝገቡን አሳየኝ በይው። እማማ መቼ አባል እንደሆኑ፣ ስንት ልጅ እንዳስመዘገቡ ተጽፎ ይገኝ ይሆናል።

ትንንሽ ነገር ለቅሚ። የፒያሳ እናቶች የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ሲያልፉ ነጠላቸውን ሲያደገድጉ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? ሐምሌ 1928 ጣሊያን በጥይት የደበደባቸው ጳጳስ ናቸው። ለባቡሩ ሥራ ሐውልቱ ተነስቶ በነበረ ጊዜ እንኳን አንዲት እናት ባዶው ቦታ ላይ እጅ ስትነሳ አይቻለሁ። የእናንተዋስ? ታክሲ ውስጥ ሆነው ሲያልፉ ምን ያደርጉ ነበር? አንቺ አብረሻቸው ነበርሽ፣ አስታውሺ።

ወደ ጸቡ ልምጣ።

የላክሽልኝን ሁለተኛውን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለአንባቢዎቼ ባጭሩ ልንገራቸው። እማማ በቦኖው ወረፋ ተናደው የጎረቤታቸውን ሁለት ጀሪካን ውሃ በእግራቸው ደፉባቸው። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት፣ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ሴቶች ሰላምታ የላቸውም። ልጆቹ ብቻ ይመላለሳሉ። እንግዲህ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ዋዜማው ላይ፣ ነሐሴ 15 ማታ፣ እማማ ለነገው ቁርባን ቀሚሳቸውን አጥበው፣ ነጠላቸውን አጥፈው ጨርሰዋል። ዝናቡ ይወርዳል። ድንገት ተነስተው አንድ ጀሪካን ውሃ ተሸክመው ወጡና ጎረቤታቸው በር ላይ አስቀመጡ። «ውሃሽን አምጥቻለሁ» አሉ። ሴትየዋ በሩን ከፍተው ጀሪካኑን አዩ፣ እማማን አዩ። «የደፋሽብኝ ሁለት ነበር» አሉ። «ሁለተኛውን አሁን አመጣለሁ» አሉ እማማ፣ ሄደው አመጡ።

ጎረቤት ያንኑ ውሃ ቀድተው ጀበና ጣዱ። ሲቀዳላቸው ግን እማማ አልጠጣም አሉ። ከቁርባን በፊት አሥራ ስምንት ሰዓት እህልም ውሃም በአፋቸው አይዞርማ! «ነገ ቆራቢ ነኝ» ሲሉ ነው ሴትየዋ ለምን በዚያ ዝናብ እንደመጡ የገባቸው። እንባቸው መጣ አልሽኝ። ሲኒው እንደተቀዳ በሰሃን ተከደነ። በማግስቱ ከሰዓት እማማ ከጊዮርጊስ ሲመለሱ ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ጎረቤታቸው ቤት ገብተው ቡና ጠጡ።

እና ይሄንን ነው ቤተሰቡ አውጪው ያለሽ?

ልጄ፣ ይሄን ካወጣሽ ምን ይቀርሻል? እኔ በዚህ ዓመት ብቻ ሰባት ወይ ስምንት ቀብር ላይ ቆሜያለሁ። የሚነበበው ሁሉ አንድ ነው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወልደው፣ ለተራበ አብልተው፣ ለታረዘ አልብሰው፣ ለደሃ አዛኝ፣ ለተጣላ አስታራቂ...» ሐሰት ነው አላልኩም። ስሙን ቀይረሽ ለማንም አያት ታነቢዋለሽ ነው የምልሽ። አስታራቂ ነበሩ ማለት አንድ ነገር ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ተጣልተው፣ ጥፋተኛዋም እሳቸው ሆነው፣ በማታ ዝናብ ጀሪካን ተሸክመው መሄዳቸው ሌላ ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ መባህን ትተህ መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ የሚለውን ቃል አያትሽ ከስብከት ሰምተውት ይሆናል። ስንቶቻችን ሰምተን ተኝተናል።

አንድ ነገር ብቻ። ጎረቤታችሁ በሕይወት ካሉ መጀመሪያ ሄደሽ አስፈቅጃቸው። ታሪኩ የእሳቸውም ነው። እንዲያውም ለአርባው ጥሪያቸውና ፊት ይቀመጡ። የቤተሰቡን አፍ የሚያዘጋው እሱ ነው፤ እሳቸው ፊት ማን «ውርደት ነው» ይላል?

ስለ ጸሎታቸው ስትጽፊም እንዲሁ በቅርብ ያየሽውን ጻፊ። «ጸሎተኛ ነበሩ» አይበቃም። የኔን ልንገርሽ። አያቴ ፊደል አታውቅም ነበር። በደርግ ጊዜ፣ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗት የትምህርት ቤት ዴስክ ላይ ተቀመጠች። አስተማሪዋ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነበር፣ እሷ «የኔታ» ትለዋለች። ልጁ ያፍራል። መንግሥት ያስተማራት ስለ ምርት ዕድገትና ስለ አብዮቱ እንድታነብ ነበር፣ እሷ ግን መጀመሪያ ያነበበችው የሰኞን ውዳሴ ማርያም ነው። በቃሏ የምታውቀው፣ ሠላሳ ዓመት በየሳምንቱ የደገመችው። መጀመሪያው መስመር ላይ ደረሰችና ቆመች። እሷ እስከዛሬ «ያግዞ ለአዳም» ነበር የምትለው፣ መጽሐፉ «ያግዕዞ» ይላል። አባቴ «ያግዕዞ ነጻ ያወጣው ዘንድ ማለት ነው፣ ማገዝ አይደለም» ብሎ አስረዳት። ዝም ብላ አሰበችና «እኔ ሠላሳ ዓመት ስለው እሷ ገብቷታል፤ መጽሐፉ ነው የተሳሳተው» አለች። እስክትሞት «ያግዞ» አለች። እኔም አንዳንዴ ያመልጠኛል። ስለ እሷ እምነት አንድ ነገር ተናገሪ ብትዪኝ ከዚህ ሌላ የምነግርሽ የለኝም።

ስለ ትንሹ አጎትሽ ብዙ አልልም። ተዝካሩና ፍትሐቱ አንድ ነገር ነው፣ ታሪክ መስማት ሌላ ነው። አልበላም ካለ አይብላ፣ ማን ያጎርሰዋል? የእናቱን ታሪክ ግን ይስማ። ለሚነበበው ጽሑፍ የልጅነቱን ነገር አንድ ይንገርሽና አስገቢለት። አሁኑኑ ደውለሽ «አጎቴ፣ እማማ አንተን እንዴት ነበር የምትቀሰቅስህ?» በይው። ስሙን ማውጣት ግን አይሞከርም። እማማ የወለዱትን አክስትሽ ልትሰርዝ አትችልም።

በመጨረሻ ስለ ርዝመቱ። ሁለት ገጽ፣ ሲነበብ አምስት ደቂቃ። ምግብ ከመቅረቡ በፊት ይነበብ፤ ከበላ በኋላ ማንም አይሰማሽም። ካህናቱ ለማሳረግ ቆመው እየጠበቁም አይሆንም። አንቺ ካለቀስሽ የሚቀጥልልሽ ሰው ከጎንሽ ይኑር። ትልቁ አጎትሽ ግን አይሁን፣ አደራ።

ጥያቄ ሁለት

የአያታችንን ሙት ዓመት ልናወጣ ነው። ቄሱ የክርስትና ስሟን ሲጠይቁን ቤት ውስጥ የሚያውቅ ጠፋ! ሁላችንም «እትዬ ሙሉ» ነው የምናውቃት። የነፍስ አባቷም ካረፉ ቆይተዋል። ምን ይሻላል?

(ከአራት ኪሎ)

መልስ

አይ የዘመኑ ልጆች! የማትወቅሰኝ ከሆነ ትንሽ ልናደድ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የሚወጣላት ስም እኮ በሕይወቷ ሙሉ ስትጸልይ፣ ስትቆርብ፣ በመጨረሻም ፍትሐት ሲደረግላት የሚጠራው ነው። «ሙሉ» የመንደር ስሟ ነው።

ተናድጄ ጨረስኩ። አሁን መንገዱ፦ በቀብሯ ዕለት ፍትሐት ተደርጎላት የለ? ያኔ ካህኑ በክርስትና ስሟ ነው የፈቷት። ስለዚህ አንድ ሰው ነግሯቸዋል። ማን እንደነገራቸው አስታውሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ወደ ኋላ የቆመች የማኅበር ጓደኛ ናት። ፍትሐቱን ያደረጉትን ካህን ራሳቸውንም ጠይቁ። የነፍስ አባቷ ቢያርፉም የንስሐ ልጆቻቸውን የተረከበ ካህን ይኖራል፣ እሱንም ፈልጉት።

ይሄ ሁሉ ካልሆነ የጸሎት መጽሐፏን ክፈቱ። በእጅ የተጻፈ ከሆነ ጸሎቱ መሀል የባለቤቱ ስም ይገባል። «ለአመትከ ወለተ...» የሚል ፈልጉ፤ «ለባሪያህ» ማለት ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ስሟ ነው። የታተመ ከሆነም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ባዶ ገጽ እዩ። የኔ አያት እዚያ ላይ የክርስትና ስሟንም፣ የዕቁብ ዕዳዋንም፣ የአህያ ነጂውን ሒሳብም አንድ ላይ ጽፋ ትታዋለች።

ጥያቄ ሦስት

ሰላም እትዬ። አያቴ የተወችው የብራና ዳዊት አለን። ከአባቷ የወረሰችው ነው፣ በየቀኑ ትደግምበት ነበር። አሁን ጥራዙ ላልቶ ቅጠሉ ሊወድቅ ነው። ወንድሜ አንድ የቱሪስት ዕቃ ለሚገዛ ሰው እንሽጠው ይላል፣ ውጭ አገር ይወስደዋል አሉ። እኔ ደግሞ በስኮች አጣብቄ ላስቀምጠው አስቤ ነበር። ማን ልክ ነው?

(ከካዛንቺስ)

መልስ

ሁለታችሁም ልክ አይደላችሁም።

ለወንድምህ ንገረው፦ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ ያለፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ገዢው ሻንጣው ውስጥ ጨርቅ መሀል ጠቅልሎ ቦሌ ላይ ቢያዝ ከማን ገዛህ መባሉ አይቀርም። ብሩ ደግሞ በሦስት ወር ያልቃል፣ ዳዊቱ አይመለስም። ይሄን የምለው ስለማውቅ ነው፤ እኛም ቤት አንድ ሄዷል።

ላንተ ደግሞ። ብራና ቆዳ ነው። ስኮች ከለጠፍክበት ሙጫው ይገባበታል፤ ልላጠው ብትል ጽሑፉን ይዞ ይነሳል። አያትህ በየቀኑ የዳሰሱት ገጽ ዳር ላይ ጠቁሮ፣ ወዝቶ ይሆናል። እሱንም በእርጥብ ጨርቅ ላጽዳው እንዳትል። ማኅደር ካለው ማኅደሩ ውስጥ፣ ከሌለው ንጹሕ ነጭ አቡጀዲ ጠቅልለህ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው። ላስቲክ ውስጥ አይሆንም፣ ይታፈናል። ከሳሎን ቆርቆሮ ስር፣ ከምድጃ አጠገብም አራቀው።

ለጥራዙ ወደሚያውቁት ሂድ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ ከላይ የካቲት 12 ስል ያነሳሁት ግቢ ነው። ብዙ የብራና መጻሕፍት እዚያ አሉ። ወመዘክርም አለ። ይዘኸው ሂድና አማክራቸው። ልስጥ ካልክ ይቀበሉሃል፣ አልሰጥም ካልክም ማንም አይነጥቅህም። ቤተ ክርስቲያኗስ? አያትህ የሚሳለሙበት ደብር ውስጥ ብራና የሚጠርዝ ካለ አጠያይቅ፤ ዛሬም የሚሠሩ አሉ።

እስከዚያ ስኮቹን መልሰህ መሳቢያ ውስጥ ክተተው።